ግልጽ ደብዳቤ፦ ስቴም ሴሉ ከመምጣቱ በፊት ጄሶው ይምጣ

ለጅማ ከተማና ለጅማ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤቶች፤
እንዲሁም ስኳር ላለባችሁና ስኳር ያለበት ቤተሰብ ለምታስታምሙ የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሰቃ፣ የዴዶና የሰርቦ ነዋሪዎች

ክቡራን፣

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «ስቴም ሴል» (ራሱን ማባዛትና ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችል ሕዋስ) የሚለው ቃል ከላቦራቶሪ ወጥቶ መርካቶ ደርሷል። አንዱ በካፕሱል፣ ሌላው በቅባት ይሸጠዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ውጭ አገር ሄዶ በመርፌ መወጋት ነው» ይላል። እግሩ ላይ ቁስል ይዞ ስድስት ወር የከረመ ሰው ይህን ሰምቶ ልቡ ቢከጅል አይፈረድበትም። ምርምሩ እውነተኛ ነው፤ ሽያጩ ግን ምርምሩን ጥሎት ሄዷል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሁለቱን ለመለየትና ጽሕፈት ቤቶቹ ያላቸውን ገንዘብና ሰው ምን ላይ ቢያውሉ እግር እንደሚተርፍ ለማመልከት ነው። ሐሳባችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ ጅማ ከሕዋስ ማባዣ ክፍል በፊት ከእግር ቁስል ላይ ጫና የሚያነሳ ጄሶ በትክክል የሚያስር እጅ ያስፈልጋታል። የስቴም ሴል ምርምሩን ቁጥር ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሚደርሰውም እዚሁ ነው። (በደብዳቤው የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በክረምት ጭቃ ኮንጎ ጫማ አጥልቆ የቡና ማሳ ሲያርም የዋለ ሰው፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር ሲገባበት አውልቆ ያራግፋል። ስኳሩ የእግሩን ነርቭ ያደነዘዘበት ሰው ግን ጠጠሩን ይዞ ይውላል። ማታ ደግሞ ብርድ ሲሰማው እግሩን ወደ ከሰሉ ያስጠጋል፤ መቃጠሉን የሚያውቀው ሽታው ሲመጣ ነው። ጠጠርም እሳትም ባይኖር፣ በአውራ ጣት ሥር ያለው አጥንት በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቦታ ላይ ሲጫን ቆዳው መጅ ያወጣል። መጁ ራሱ እንደ ጠጠር ሆኖ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ከሥሩ ደም ይቋጥራል፤ አንድ ቀን ሲፈነዳ ቁስሉ ከላይ ጠባብ፣ ከውስጥ ሰፊ ሆኖ ይገኛል።

ጤነኛ ሰው ላይ ቁስል ሲፈጠር ማክሮፌጅ የሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት መጀመሪያ ተዋጊ ሆነው ይመጣሉ፤ ጀርሙንና የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ፤ ከቀናት በኋላ ጠባያቸውን ለውጠው ወደ ጥገና ይዞራሉ። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህ መዞር ይሰናከላል። አፍራሹ ቡድን ሥራ አላቆም ይላል፤ የሚያመነጨው ኢንዛይም አዲስ የሚሠራውን ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳን አያይዞ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ እግር በእግር ይበላዋል። በዚያ ላይ ደም ሥሩ ጠቦ ኦክስጅን ያንሳል፤ ባክቴሪያውም በቁስሉ ወለል ላይ እንደ ዝልግልግ ምንጣፍ ተነጥፎ ይቀመጣል። ስቴም ሴል ያግዝ ይሆናል የተባለው እዚህ ላይ ነው፦ አፍራሹን ማብረድ፣ አዲስ ደም ሥር ማስጀመር።

ስቴም ሴል፣ ወይም ግንደ ሕዋስ፣ ብዙ ዓይነት ነው። ለቁስል በብዛት የሚመረመረው ሜሴንካይማል የሚባለው ነው፤ ከመቅኔ፣ ከስብ፣ ከእትብትና ከእንግዴ ልጅ ይገኛል። በመቅኔ ውስጥ መኖሩን በ1960ዎቹና 70ዎቹ ያሳየው የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፍሪደንስታይን ነው፤ ስሙን በ1991 ያወጣለት አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን። በ2006 ዓለም አቀፉ የሕዋስ ሕክምና ማኅበር መለያውን ወሰነ፦ በላቦራቶሪ ፕላስቲክ ላይ መጣበቅ አለበት፤ ሲዲ73፣ ሲዲ90 እና ሲዲ105 የተባሉት ምልክቶች በ95 በመቶው ላይ መገኘት አለባቸው፤ የደም ሕዋስ ምልክቶች ከ2 በመቶ መብለጥ የለባቸውም፤ አጥንት፣ ስብና ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) መሆን መቻል አለበት። አንድ ሻጭ «ስቴም ሴል አለኝ» ሲል እነዚህን ውጤቶች በወረቀት ማሳየት ካልቻለ ምን እንደያዘ እሱም አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ የታሰበው ሕዋሱ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ቆዳና ደም ሥር ይሆናል የሚል ነበር። ያ ሐሳብ ብዙም አልቆመም። በደም ሥር የተሰጠው ሕዋስ አብዛኛው ሳንባ ላይ ተይዞ ይቀራል፤ ቁስሉ ላይ የተወጋውም አብዛኛው በቀናት ውስጥ ይሞታል። የሚሠራው በሕይወት እያለ በሚያመነጨው ነገር ነው፤ ደም ሥር የሚያበቅሉና እብጠትን የሚያበርዱ ፕሮቲኖችን ይለቅቃል። ካፕላን ራሱ በ2017 «ስቴም ሴል ማለት ትተን መድኃኒታዊ መልእክተኛ ሕዋስ እንበለው» ብሎ እስከ መጻፍ ደርሷል። ስም ያወጣ ሰው ስሙን ልቀይር ሲል ከመስማት የበለጠ የምርምሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ነገር የለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ2002 የጃፓን ሐኪሞች ከመቅኔ የወጡ ሕዋሳትን ደም ባጠረው እግር ጡንቻ ላይ ወግተው ተስፋ ሰጪ ውጤት አወጡ፤ ዓለም ተከተላቸው። በ2003 በአሜሪካ ሦስት ሥር የሰደደ ቁስል ያለባቸው ሰዎች የራሳቸው መቅኔ ቁስላቸው ላይ ተደረገላቸው፤ በ2007 ከዚያው መስመር የመጣ ሥራ ሕዋሱን በፋይብሪን (ደም ሲረጋ በሚሠራው ፕሮቲን) እንደ ስፕሬይ ረጭቶ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዋስ ሲሆን ቁስሉ እንደሚቀንስ አሳየ። በ2011 በቻይና 41 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ተመርጦ የተባዛው ሜሴንካይማል ሕዋስ ካልተመረጠው የመቅኔ ሕዋስ ይልቅ ቁስሉን ቀድሞ ዘጋ። በ2015 ግን ከኔዘርላንድስ የመጣው ውጤት ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። 160 የእግር ደም ሥራቸው የተዘጋ ሰዎች ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ያልተመረጠ የመቅኔ ሕዋስ፣ ገሚሶቹ የማስመሰያ ፈሳሽ በደም ቅዳ ሥር ተሰጣቸው። በ6 ወር ውስጥ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ የተቆረጠው ሕዋስ ካገኙት 19 በመቶ፣ ካላገኙት 13 በመቶ ሆነ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ትርጉም ባይኖረውም ሕዋሱ እግር አላዳነም።

በጥሩ ሁኔታ ከተሠሩት አንዱ የኮሪያው የ2019 ሙከራ ነው። ከጤነኛ ለጋሽ ስብ የተገኘ ሕዋስ በሃይድሮጄል (ውሃ በያዘ ጄል) ስስ ሽፋን ላይ ተደርጎ በ59 ሰዎች የስኳር ቁስል ላይ ተሞከረ። በ12 ሳምንት ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ከሕዋሱ ቡድን 82 በመቶ፣ ከማነጻጸሪያው ቡድን 53 በመቶ ነበር። ጥሩ ውጤት ነው፤ አናጣጥለውም።

ይህን ቁጥር ይዛችሁ ሌላ ሙከራ እዩ። በ2005 በአሜሪካ 50 የስኳር ቁስል ያለባቸው ሰዎች ጫና የሚያነሳ ረጅም ቦት ተሰጣቸው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር፦ የአንዱ ቡድን ቦት እንዳይወልቅ ላዩ ላይ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ፋሻ ተጠመጠመበት፤ የሌላው ሊወልቅ ይችላል። በ12 ሳምንት ቁስሉ የዳነው ከማይወልቀው 82.6 በመቶ፣ ከሚወልቀው 51.9 በመቶ ሆነ። በ2001 በ63 ሰዎች ላይ የተደረገው ደግሞ፣ እግሩን ሙሉ በሙሉ የሚያቅፍ ጄሶ 89.5 በመቶ፣ የሚወልቅ ቦት 65 በመቶ፣ ግማሽ ጫማ 58.3 በመቶ አዳነ። ታካሚዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ከኮሪያው ጋር አንድ በአንድ ይወዳደራል አንልም። ነገር ግን አንድ ጥቅል ፋሻ ያመጣው ልዩነትና አንድ ሙሉ የሕዋስ ላቦራቶሪ ያመጣው ልዩነት እንዲህ ጎን ለጎን ሲሄድ፣ በጀት የሚመድብ ሰው አይቶ ሊያልፈው አይገባም። ምክንያቱም ቀላል ነው። የሚወልቅ ቦት የተሰጣቸው ሰዎች እንቅስቃሴያቸው ሲለካ፣ ቦቱን አድርገው የሚራመዱት ከእርምጃቸው 28 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የማያም እግር አይጠበቅም።

የማነጻጸሪያው ቡድን ጉዳይ ሌላም ያስተምራል። በ1999 የቀድሞ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በመደበኛ እንክብካቤ ብቻ በ12 ሳምንት የዳነው 24 በመቶ ነበር። ኮሪያ ላይ ያለ ሕዋስ የዳነው 53 በመቶ ነው። ማጽዳቱ፣ ጫና ማንሳቱና የታካሚ መረጣው ቁጥሩን እንዲህ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ «በእኛ ክሊኒክ ስቴም ሴል ከወሰዱት አብዛኞቹ ድነዋል» የሚል ሰው ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን ምንም አልነገራችሁም። በአይጥ የተገኘ ውጤትም እንዲሁ በጥንቃቄ ይነበብ፤ የአይጥ ቆዳ ከሥሩ ባለው ስስ ጡንቻ ተስቦ እንደ ከረጢት አፍ ይዘጋል፣ የእኛ የውስጥ እግር ግን አይሳብም። ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ይህን ለማስቀረት በቁስሉ ዙሪያ የሲሊኮን ቀለበት ይሰፋሉ። ቀለበት የሌለበትን የአይጥ ፎቶ በማስታወቂያ ላይ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ምርምሩ ወዴት እየሄደ ነው? መጀመሪያ፣ ከራስ ሕዋስ ወደ ለጋሽ። የራስ ሕዋስ ይሻላል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ነገር ግን ለዓመታት ከፍ ባለ ስኳር ውስጥ የኖረ መቅኔና ስብ የሚሰጠው ሕዋስ ደክሞ ይገኛል፣ ቶሎ ያረጃል፣ ደም ሥር የሚያበቅለውንም ፕሮቲን ያሳንሳል። የጤነኛ ሕፃን እትብት ወጣት ሕዋስ ይሰጣል፤ ለማግኘትም ማንንም መውጋት የለም። በተጨማሪ ለንጽሕና ምርመራ ናሙናው ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ ለማየት በላቦራቶሪ ተተክሎ እስከ 14 ቀን ይጠበቃል፤ ትኩስ ሕዋስ ይህን ሁሉ ቀን አይቆይም፣ ከለጋሽ ተባዝቶ የቀዘቀዘ ግን ውጤቱ እስኪመጣ በማቀዝቀዣው ይጠብቃል።

ሁለተኛው መንገድ ከሕዋሱ ወደ ምርቱ ነው። ሕዋሱ ከሚለቃቸው መካከል ኤክሶሶም የሚባሉ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር የሚሆኑ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ባክቴሪያ የሚያስቀረው የላቦራቶሪ ማጣሪያ ቀዳዳ 220 ናኖሜትር ነው፤ ስለዚህ ኤክሶሶም በማጣሪያው ያልፋል፣ ባክቴሪያ ይቀራል። ሕዋስ ግን ከዚህ ቀዳዳ ብዙ እጥፍ ትልቅ ስለሆነ በማጣሪያ ሊነጻ አይችልም። ኤክሶሶም ደርቆ በዱቄት መልክ ሊቀመጥም ይችላል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ችግሩ አንድ ጠርሙስ ስንት «አቅም» እንደያዘ የሚለካበት የጋራ ሚዛን ገና አለመኖሩ ነው። ከአንዱ ላቦራቶሪ የወጣው ከሌላው፣ የሰኞው ከሐሙሱ ይለያያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2019 ያልተፈቀዱ የኤክሶሶም ምርቶች በሰው ላይ ጉዳት ማድረሳቸውን ገልጾ ሕዝብ አስጠንቅቋል።

ሌሎቹን ቶሎ እንለፋቸው። ሕዋሱ ቶሎ እንዳይሞት በሃይድሮጄል፣ በኮላጅንና በፋይብሪን መያዝ፤ ከመስጠት በፊት ዝቅ ባለ ኦክስጅን፣ ከ1 እስከ 5 በመቶ፣ አቆይቶ ማበርታት፤ ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺኒያ ያማናካ በ2006 ካሳየው፣ ተራ ሕዋስን ወደ ግንድነት ከመመለስ ዘዴ ተነስቶ ማለቂያ የሌለው ምንጭ መሥራት። የመጨረሻው ዕጢ እንዳያበቅል ስለሚፈራ ለእግር ቁስል ገና ሩቅ ነው።

«ታዲያ ለምን እዚሁ አናባዛም?» ለሚል ሥራው ይህን ይመስላል። 4 በ3 ሴንቲሜትር የሆነ ቁስል 12 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ በ1 ሚሊዮን ሒሳብ 12 ሚሊዮን ሕዋስ ይፈልጋል። ይህም በግምት ሦስት ትልልቅ የማባዣ ጠርሙስ ነው። ስቡ ኮላጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም በ37 ዲግሪ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጫል፤ ይጣራል፤ በ37 ዲግሪና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀመጣል፤ ጠርሙሱ 70 እስከ 80 በመቶ ሲሞላ ወደ ሌሎች ጠርሙሶች ይከፈላል። ብዙ ጊዜ በተከፈለ ቁጥር ሕዋሱ ይሰፋል፣ ይጠፈጠፋል፣ ሥራውን ይተዋል፤ ስለዚህ ከአምስተኛው ዙር በላይ ለሰው መስጠት አይመከርም። የሚያሰጋው ብልሽት የሚመጣው ደግሞ ከማይታየው ነው፦ ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ፈሳሹን ሳያደፈርስ፣ ሕዋሱን ሳይገድል ለወራት ይኖራል፤ ለይቶ ያልመረመረ አያገኘውም።

ማቀዝቀዙም ጥንቃቄ ይጠይቃል። 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሕዋሱን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ፈሳሽ) ተጨምሮ በደቂቃ 1 ዲግሪ ብቻ እየወረደ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል፤ የአዳቃይ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር ይዘው በየቀበሌው የሚዞሩበት ያው ፈሳሽ ነው። ሲቀልጥ በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ትንሽ በረዶ ሲቀር ይወጣል፤ ዲኤምኤስኦ በክፍል ሙቀት ሕዋሱን ስለሚጎዳ ወዲያው መታጠብ ወይም መሰጠት አለበት። ሕያው ሆኖ የሚቆጠረው ከ70 በመቶ ካነሰ ይጣላል። አሁን ይህን ሕዋስ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር በመኪና አምጡትና ዝናብ መንገድ ላይ ሲያስቆማችሁ አስቡ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሌላ ነው።

በዞኑ ባለው እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ስኳር ያለበት ሰው ለክትትል በመጣ ቁጥር ጫማውንና ካልሲውን ያውልቅ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ዕቃ የሚጠይቀው ቀጥሎ ያለው ነው፦ 10 ግራም ሞኖፊላመንት፣ ማለትም የእግር ስሜት የሚፈተንበት፣ በ10 ግራም ጫና የሚጎብጥ ክር። ሽቦ መሰሉ ናይለን መጀመሪያ በታካሚው እጅ ላይ ይሞከርለትና ስሜቱን ይወቀው፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ሆድ፣ ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት ሥር ባለው ጉብታ ላይ እስኪጎብጥ ድረስ ለ2 ሰከንድ ይጫን። በየቦታው ሦስት ጊዜ ይጠየቅ፤ ከሦስቱ አንዱ ሳይነካ የሚጠየቅ ማታለያ ይሁን። ከሦስቱ ሁለቱን ከሳተ እግሩ ደንዝዟል። መጅ ላይ አይሞከር። አንዱ ናይለን በቀን ከ10 እስከ 15 ሰው ካየ በኋላ 24 ሰዓት ይረፍ፤ ከ70 እስከ 90 ሰው ካየ ይጣል፤ አለበለዚያ ይለሰልስና ጤነኛውን ሁሉ «ደንዛዛ» ያስመስላል። ናይለኑ ከሌለ የጣቶቹን ጫፍ በስሱ ነክቶ መጠየቅም ይሠራል።

ቀጥሎ ደም መድረሱ ይታይ። በእጅ የሚያዝ ዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ) እና የደም ግፊት መለኪያ ይበቃል። የቁርጭምጭሚቱ ላይኛው ግፊት 91፣ የክንዱ 130 ከሆነ፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ውጤቱ 0.7 ነው፤ ከ0.9 በታች ደም ሥሩ ጠቧል ማለት ነው። ከ1.3 በላይ ከሆነ ግን «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ መሸኘት ስህተት ነው፤ ስኳር የደም ሥሩን ግድግዳ ኖራ ስለሚያስይዘው መለኪያው አልጨምቅ ብሎት ነው። እንዲህ ያለው ወደ ሪፈራል ይላክ። ቁስሉ ውስጥ ንጹሕ፣ ጫፉ ዱልዱም ብረት ገብቶ ደረቅ ነገር ከነካ አጥንት ላይ ደርሷል፤ እሱም ይላክ።

መግል የሌለበት፣ ደም የሚደርሰው የውስጥ እግር ቁስል በጄሶ ይታሰር። መጁ በምላጭ እስከ ጤነኛው ጠርዝ ይላጥ፤ ቁስሉ በሳላይን ይታጠብ፤ ስስ ሽፋን ይደረግበት። በጣቶች መካከል ስፖንጅ፣ በቁርጭምጭሚቱ ሁለት አጥንቶችና በአገዳው ጠርዝ ላይ ወፍራም ፌልት (የተጨመቀ ጨርቅ) ይደረግ፤ ሌላው ቦታ ጥጡ ስስ ይሁን። እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፦ ጥጥ ያበዛ ባለሙያ ለታካሚው ያዘነ ይመስለዋል፣ ነገር ግን ጥጡ በሁለት ቀን ይጠቀጠቅና ጄሶው ውስጥ እግሩ መንሸራተት ይጀምራል፤ የሚንሸራተት እግር አዲስ ቁስል ያወጣል። ቁርጭምጭሚቱ በ90 ዲግሪ ተይዞ የመጀመሪያው የጄሶ ድርብ በመዳፍ (በጣት ጫፍ ሳይሆን፤ የጣት አሻራ ጄሶው ሲደርቅ ውስጥ የሚጫን ጉብታ ይሆናል) እግሩን እየተከተለ ይቀረጽ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ 48 ሰዓት አይረገጥበት። እብጠቱ ቶሎ ስለሚወርድ የመጀመሪያው ጄሶ በሳምንት ውስጥ ይፈታ፤ ቀጣዩ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ። ትኩሳት፣ ሽታ፣ ጄሶው መርጠብ ወይም መላላት ካለ በዚያው ቀን ይፈታ። ስለዚህ የጄሶ መጋዝ የሌለበት ቦታ ጄሶ አይታሰር።

በየሳምንቱ የቁስሉ ርዝመትና ስፋት ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ተነስቶ ይመዝገብ። 12 ካሬ ሴንቲሜትር የነበረው በ4 ሳምንት ወደ 6 ካልወረደ ችግር አለ። በ2003 በታተመ ጥናት በ4 ሳምንት ግማሽ ያህል ከቀነሱት 58 በመቶ በ12 ሳምንት ሲድኑ፣ ካልቀነሱት የዳኑት 9 በመቶ ብቻ ናቸው። ፋሻ እየቀያየሩ ሦስት ወር መጠበቅ የለም። መግል፣ መቅላትና ሙቀት ለሌለው ቁስል ደግሞ አንቲባዮቲክ አይታዘዝ። ቡና ዱቄት፣ ቅቤና ማር ስለማድረግም እንናገር፤ ማራችንም ቡናችንም ለገበታ ይሁኑልን። ዱቄቱ ከቁስሉ ወለል ጋር ተጋግሮ ሐኪሙ ጥልቀቱን እንዳያይ ያደርጋል፤ ማርም የእግር ቁስል ያድናል የሚል ማስረጃ ስላልተገኘ ዓለም አቀፉ መመሪያ አትጠቀሙበት ይላል።

ይህ ሲቆም ምርምር ይከተላል፤ ለጅማም የሚመጥን አለ። አንደኛው የእንግዴ ልጅ ስስ ሽፋን ነው። የ2023 ዓለም አቀፍ የስኳር እግር መመሪያ፣ መደበኛው እንክብካቤ ብቻውን ቁስሉን ካላሳነሰው ከእንግዴ ልጅ የተሠሩ ሽፋኖችን እንደ ድጋፍ ማሰብ እንደሚቻል ይገልጻል። በቀጠሮ በኦፕራሲዮን ከምትወልድ እናት በፈቃዷ ይወሰዳል፤ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ትመረመራለች፤ ሽፋኑ ከደም ታጥቦ፣ ተላጦ፣ በግሊሰሮል ወይም ደርቆ ይቀመጣል። ሕያው ሕዋስ ማባዛት አይጠይቅም። ሁለተኛው ከታካሚው 18 ሚሊ ሊትር ደም ተወስዶ በሴንትሪፉጅ የሚሠራ የነጭ ደም ሕዋስ፣ የፕላትሌት (ደም አርጊ ሕዋስ) እና የፋይብሪን ንጣፍ ነው፤ በ2018 በታተመ ትልቅ ሙከራ በ20 ሳምንት 34 በመቶ አዳነ፣ ያላገኙት 22 በመቶ። መጠነኛ ነው፣ ግን የታመነ። ሦስተኛው ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ከላይ ያልነው የፎቶና የመለኪያ መዝገብ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በማሰማራት የሚታወቅ ተቋም ነው፤ ተማሪዎቹ ማስመሪያና ሞኖፊላመንት ይዘው ቢወጡ በሁለት ዓመት ውስጥ ትልቅ የስቴም ሴል ሙከራ «ኑ እዚህ እንሞክር» ሊል የሚችልበት መዝገብ ይኖረናል። መነሻው የማይታወቅ ቁስል ላይ ማንም ከባድ ተመራማሪ አይሞክርም።

ለነዋሪዎች ደግሞ ይህን እንላለን። መደርደሪያ ላይ ለወራት በሚቀመጥ ካፕሱል ውስጥ ሕያው ሕዋስ የለም፤ ቢኖርም ጨጓራ ያሟሟዋል። በመርፌ እንሰጣለን የሚል ቢመጣ ይህን ጠይቁት፦ ሙከራው በፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ወይም በሌላ ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ቁጥሩ ስንት ነው? የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዶታል? የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየው የት ነው? ሕዋሱ ከማን መጣ፣ ስንት ነው፣ ሕያው የሆነው ስንት በመቶ ነው? ገንዘብ ይጠይቃል? ትክክለኛ ሙከራ ተሳታፊውን ለሚሞከረው መድኃኒት አያስከፍልም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ከፍለው ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ ዓይናቸው ውስጥ የተወጉ ሦስት ሴቶች ዓይናቸው ክፉኛ መጎዳቱ በ2017 በሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ «ከራስህ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን ለሚነግሯችሁ መልስ ይሁን። መጨረሻ ላይ «እግሬ ጫና እንዳያገኝ ምን ታደርግልኛለህ?» በሉት። ለዚህ መልስ ከሌለው የሚሰጣችሁ ሕዋስ በእያንዳንዱ እርምጃችሁ ይጨፈለቃል።

ለጽሕፈት ቤቶቹ፦ ለመጀመሪያው ዙር በየጤና ጣቢያው ሁለት ነርሶችና አንድ ጤና መኮንን ይመደቡ፤ በዝርዝር የምንጠይቀው ዕቃ ሁለት ሞኖፊላመንት፣ አንድ ዶፕለር፣ ምላጭ ከእጀታው ጋር፣ ዱልዱም ብረት፣ የጄሶ ፋሻ፣ ጥጥ፣ ፌልት፣ ማስመሪያና አንድ የጄሶ መጋዝ ነው። ጄሶ ማሰሩን ለማሠልጠን እኛው ያለ ክፍያ እንመጣለን፤ ቀኑን ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
በቁስል እንክብካቤ፣ በስኳር ሕክምናና በላቦራቶሪ የተሰማራን ባለሙያዎች
ጅማ